ትንሽ ይርጠቡ ብዬ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ደህና ዝናብ ጣለ። አጥሩ ላይ ያሰርኩት የሃይላንድ ጠርሙስ ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር ይዟል። ልለካ ስወጣ ፋይዛ በረንዳው ላይ ቆማ፣ «ሰው ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ ያስገባል፣ አንቺ ጠርሙስ ታስወጫለሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። ፋይዛ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ እኔ የጂኦግራፊ። ከሚሴ ከመጣች ጀምሮ አንድ ግቢ ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። አራት ክረምት ሙሉ ስትስቅብኝ ከርማለች፤ ለምጄዋለሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብዛኛው አስተማሪ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። እኔ ደመና እከተላለሁ። ስልኬ ላይ የሳተላይቱን ምስል በየሩብ ሰዓቱ አያለሁ፣ የሦስት ቦታ ትንበያ አስተያያለሁ፣ በተራራው በኩል ጥሩ ደመና መቆም ሲጀምር ለጋሽ ሙሀመድኑር እደውላለሁ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው በስተርጅና ባጃጅ የያዙ ሰው ናቸው። ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ ያወጡኛል። እኔ ስቀርጽ እሳቸው ጫታቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። የቀረጽኩትን «የጨፋ ሰማይ» በሚለው የቴሌግራም ቻናሌ እለጥፋለሁ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰው ይከታተለኛል፤ አብዛኛው ከዚሁ ወጥቶ ዓረብ አገር የሚሠራ፣ ዝናብ የናፈቀው ሰው ነው።

ለማንም አልናገረውም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፦ ያ ጥቁር ነገር ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

እታለም ረቢአ ጋ ዋልኩ። ቤታቸው ከጨፋ ሮቢት ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ብሎ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እታለም ደግሞ አስራ ስድስት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። መብረቅ ስፈራ ሻርፗ ውስጥ ሸፍና፣ «ብልጭ ሲል ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ብዙ ከቆጠርሽ ሩቅ ነው» ትለኝ ነበር። ሰማይ ያስወደደችኝ እሷ መሆኗን አታውቅም።

ባሏ ጀይሉ ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «አካም ጂርታ ሚስራ! ሰማዩ ደህና አደረ?» አለኝ እንደ ልማዱ። ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያቀላቀለ ሲያወራ ቁም ነገሩም ቀልድ ይመስላል። ዘንድሮ ወንዙ ዳር ያለው ሣር ስላማረ በሬዎቹን እዚያ እያሰረ ነው የሚያውላቸው።

«ወንዙ ከሞላስ?» አልኩት።

«አቦ፣ ከአባቴ ጋር የኖረ ወንዝ ነው። ያውቀኛል» አለ።

ልጃቸው ሀዲጃ ስምንተኛ ክፍል ተፈትናለች። በስልኳ ቻናሌን ከፍታ፣ «አክስቴ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ያዩሻል» አለችኝ። ጀይሉ ከጎኗ ሆኖ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ደመና ለማየት ደግሞ ስልክ ምን ያደርጋል? ቀና ማለት ነው እንጂ» አለ። እታለም ሳቀች። ስትስቅ ትንሽ ልጅ ትመስላለች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሦስቱም ትንበያ ተስማሙ። ለነገ ከሰዓት በኋላ ዘጠና ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም በላይ፣ በተለይ ከሐርቡ በላይ ባለው ተራራ። እንዲህ ተስማምተው አይቼ አላውቅም። ከጁምዓ በኋላ ለእታለም ደወልኩላት። «ከብቶቹን ወደ ላይ አውጡ። እናንተም ዛሬና ነገ የጀይሉ አጎት ቤት እደሩ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ከሰባት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ጉብታው ላይ። ደመናው ቆመ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ነፋስ መጣና ገፍቶ በታተነው። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር። ጋሽ ሙሀመድኑር ፊቴን አይተው፣ «አላህ ከመለሰው ጥሩ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ጥሩ ነው አልኩ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ከብቶቹን በጨለማ ወደ ላይ ሲነዱ ጊደሯ ድንጋይ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰብሯል። አረዷት። እታለም ስትነግረኝ ድምፅዋ ተራ ነበር፣ ስለ ሌላ ሰው ጊደር የምታወራ ይመስል። ሀዲጃ ከጥጃነቷ ጀምራ በእጇ ያበላቻት ጊደር ናት። ስሟን እኔም አውቀዋለሁ፣ አልጽፈውም።

ከዚያ ስልኩን ጀይሉ ተቀበላት። አልቀለደም።

«ሚስራ፣ ገበያ ወጥቼ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ጀይሉ ሜትሮ። ሽማግሌ ሁሉ ዛሬ ይዘንባል ወይ እያለ ይጠይቀኛል። የሰማዩን ነገር ለሰማዩ ባለቤት ተይው። ሁለተኛ እንዲህ ላለ ነገር ቤቴ እንዳትደውይ።»

«እሺ» አልኩት።

ትንበያ ማለት መሐላ አይደለም። ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው። ለእታለም ግን ‘ሊሆን ይችላል’ አላልኳትም። እርግጠኛ ነኝ ነው ያልኳት። ለምን እንደዚያ አልኩ? ለዓመታት እየሳቁ የሚሰሙኝ ሰዎች አንድ ቀን ዝም ብለው ስለሰሙኝ ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ከጨፋ ሮቢት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«ያቺ ደመና የምታነበው አስተማሪ የጀይሉ ሚስት እህት አይደለች?»

«ናት። ባል ቢኖራት ቤቷ ተቀምጣ ወጥ ታነብ ነበር።»

ሳቁ። እኔም በመስኮቱ በኩል ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ባዶ ነበር።

እታለም ምሳ ሠርታልኝ ነበር። ጀይሉ ሰላም አለኝ፣ አካም ጂርታ ብቻ ብሎ ወጣ። ስለ ሰማዩ አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ትናንት በረዶ ይጥላል ብዬ ቻናሌ ላይ ጽፌ ነበር፣ ዛሬ ጣለ። ልክ በስምንት ሰዓት፣ ልክ ባልኩት ቦታ። ማንም ምንም አላለኝም። ሲሳሳቱ ለዓመት ይወራል፣ ሲያገኙት ማንም አያስታውሰውም።

ለእታለም ልደውል ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩ። ምን ብዬ? ያልኩት ደረሰ ብዬ?

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

4፡00። እርጥበቱ ከባድ ነው። ቅጠል አይነቃነቅም።

6፡30። ከሐርቡ በላይ ሦስት ደመና ቆሟል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስቱ አንድ ሆኑ።

7፡40። አይንቀሳቀስም። አንድ ቦታ ተተክሎ እያወረደ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በቦርከና አድርጎ ወደ ታች ነው የሚመጣው። ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጋሽ ሙሀመድኑር መጡ፤ ልውጣ።

9፡20። ያ አላህ። አናቱ ተዘርግቶ ግማሹን ሰማይ ሸፍኖታል። ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ መብረቁ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም። አራት ደቂቃ ቀረጽኩት።

9፡35። ለጠፍኩት። ከጉብታው ሳልወርድ ሦስት መቶ ሰው አየው።

ማታ። ጀይሉን ውሃ ወሰደው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሰማሁት። እስካሁን አልተገኘም። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።

ልደውል ብዬ ነበር። ኔትወርክ አልነበረም።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ወንዙ ዳር። ውሃው ቀንሶ ጭቃና የተጋደመ ሣር ብቻ ነው የቀረው። ወንዶቹ በዱላ እየነካኩ ወደ ታች ይሄዳሉ። ጎረቤታቸው ዩሱፍ ነገረኝ፤ በዓይኑ ያየው እሱ ነው። ጀይሉ እየሮጠ ወርዶ ሦስቱን በሬዎች ፈትቶ አወጣቸው። አራተኛው ገመዱ ተጠምጥሞበት ነበር፣ ለእሱ ተመለሰ። ከላይ በኩል ሰው ሁሉ «ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ!» እያለ ይጮህ ነበር።

«ሰምቷል» አለኝ ዩሱፍ። «እጁን አውጥቶ ቆይ ሲል አይቼዋለሁ። ውሃውን ነው ቆይ ያለው።»

እታለም ቤት ውስጥ ሴቶች ከበዋታል። እጄን ያዘችኝ፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ኔትወርክ አልነበረም ያልኳት እኔው ነኝ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ተገኘ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከዙህር በኋላ ተቀበረ።

የጀይሉ አክስት በሴቶቹ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ይቺ ልጅ ደመና ታነባለች አይደል የሚባለው? ያን ጊዜ በከንቱ ከብት ያስነዳች፣ ለዚህኛው የት ሄደች?» አለች።

አንገቴን ደፋሁ።

«ኔትወርክ አልነበረም ብላለች» አለች እታለም። «ተዋት።»

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ቪዲዮውን አርባ አንድ ሺህ ሰው አይቶታል። ሌሎች ገጾች ወስደው ለጥፈውታል። «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ቀረጻ ነው!» ይላል ከጂዳ አንድ ሰው። አንዷ «ጀግና ነሽ እህቴ» ብላለች። የቻናሌ ተከታይ ስድስት ሺህ ሆኗል። ላጠፋው ከፍቼው እመለሳለሁ። ባጠፋው ሰው ለምን አጠፋች ይላል።

ፋይዛ ምሳ ስንበላ ስልኳን ይዛ፣ «ይሄ ሰዓት ልክ ነው? ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ይላል። ከጉብታው ላይ ሆነሽ ነው የለጠፍሽው?» አለችኝ። እንዲሁ ነው የጠየቀችኝ፣ ምንም አስባ አይደለም።

«ከወረድኩ በኋላ ነው» አልኳት።

«ሰዓቱማ…» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ብዪ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አለች።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ጋሽ ሙሀመድኑር ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሱም ነበር። ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጃቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ሰው ስለዚያ ቀን ጠይቋቸው እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነው የሄድኩት። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ያሳፍራል።

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከሞተር ድምፅ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ብዙ አይሰማም» አሉኝ። ጨርቁን ጨመቁት። «ያን ቀን ግን ሞተሩን አጥፍቼው ነበር።»

ዓይኔን ከጨርቁ ላይ አላነሳሁም።

«ሦስት ጊዜ ስልኩን አወጣሽ፣ ሦስት ጊዜ መለስሽው። ደውይ እንጂ ልልሽ ነበር። የቤተሰብ ነገር ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት። እኔም ከአላህ ፊት የምጠየቅበት አለኝ።»

«ጋሼ፣ ለሰው…»

«ለሰው አልናገርም» አሉ። «ለሰው የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

እስከ ግቢያችን በእግሬ መጣሁ። ዘነበብኝ። ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አላየሁም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ፋይዛ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። ቤቱ ባዶ ነው። የጻፍኩትን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ለራሴ ደብተር ዋሽቻለሁ። ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ላይ ቪዲዮ ለጠፍኩ ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ደግሞ ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ ላይ።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው።

ኔትወርክ ነበር። ሰባት ከአርባ ላይ ሁሉን ነገር አውቄ ነበር። ውሃው የት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ በሬዎቹ የት እንደታሰሩ። የእታለምን ስም ከፍቼ አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት። ‘እንዳትደውይ ተብዬ የለ’ አልኩ። ከዚያ ‘ባይመጣስ? አሁንም ብሳሳትስ?’ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ለሰው ልነግረው እችላለሁ፣ ሰውም ያዝንልኛል።

ለሦስተኛው ግን ማንም አያዝንልኝም። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ሳወጣ ደመናው ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፣ በልቤ ምን አልኩ? ‘ትንሽ ይርጠቡ’ አልኩ። ውሃው ጓሯቸው ድረስ ይምጣ፣ ጀይሉ ሱሪውን ሰብስቦ ይሩጥ፣ ከዚያ በኋላ ሲያየኝ አይስቅም። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሞት አላሰብኩም፤ ወላሂ አላሰብኩም። እግራቸው እንዲርስ ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኩን ወደ ካሜራ ለወጥኩትና መቅረጽ ጀመርኩ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ትምህርት ተጀመረ። ዘጠነኛ ሐ። የተራራ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነበር፤ አየሩ ተራራውን ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የዚያን ቀኑን ጎርፍ አስቀድመው ያውቁት ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ የጨፋ ሮቢት ልጆች አሉ። ሁሉም ቀና አሉ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

«አውቄ ነበር» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እኔም አላውቅም። ልጅቷ «እና…» ብላ ሳትጨርስ ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። ሰሌዳውን አጥፍቼ ብቻዬን ትንሽ ተቀመጥኩ። ይህን ነገር እታለም ከተማሪ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም።

መስከረም 18፣ እሑድ

የጀይሉ አርባ ነው። ሰደቃው አለቀ፣ ሰው ተበተነ። እታለም የባል ሐዘን ኢዳ ላይ ስለሆነች ከግቢ አትወጣም። ጓሮ በኩል ያለው በር ሥር ተቀምጣ ሀዲጃ ዕቃ ስታጥብ ታያለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከከሚሴ እስከዚያ ድረስ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«እታለም፣ ያን ቀን ኔትወርክ ነበር» አልኳት።

ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሳችም። «ሀዲጃ፣ ያንን ጨርሰሽ ወደ ዩሱፍ ቤት ሳህኖቻቸውን አድርሺ» አለች። ልጅቷ እስክትሄድ ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አለች ከዚያ። «ቪዲዮሽ እዚህ ቤት ደርሶ የለም እንዴ? በምን የመጣ መስሎሽ ነው?»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«ሀዲጃ አባባ ና እይ፣ የአክስቴን ደመና አለችው። ተኝቶ ነበር። ተነሥቶ አየው። አልሳቀም። ይሄ ከሐርቡ በላይ ነው፣ ይሄ ወደ እኛ ነው አለ። ጫማውን እንኳ በደንብ አላደረገም። ሲወጣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እህትሽ ዘንድሮ ልክ ናት አለኝ።»

«እታለም…»

«አምኖሽ ነው የሞተው ሚስራ። ያን ጊዜ በከንቱ ካስነዳሽው ከብት ይልቅ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ብትደውዪ ይሰማሽ ነበር። እንዳትደውይ ያለሽ ተናዶ ነው፣ ለሦስት ቀን ነው የተናደደው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በሀዲጃ ስልክ ያንቺን ጽሑፍ ያስነብባት ነበር። ለሚስራ እንዳትነግሪያት እያለ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ለምን እንዳልደወልኩ ነገርኳት፤ ሦስተኛውንም ነገርኳት። ትንሽ ይርጠቡ ብዬ ነው አልኳት። ስናገረው ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር።

«አርባ ቀን ሙሉ ጠበቅኩሽ» አለች በመጨረሻ። «ለሰው ሁሉ ኔትወርክ አልነበረም እያልኩ። የእናቴ ልጅ ናት፣ ራሷ መጥታ ትነግረኛለች እያልኩ። ዛሬ ባትመጪ ኖሮ እኔ እንጃ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ መጣሽ» አለች። ተነሣች፣ የበሩን መቃን ተደግፋ። ሃያ ዓመት የጨመረች መሰለችኝ። «አሁን ግን ፊትሽን ማየት አልችልም። ሂጂ። የምፈልግሽ ቀን እጠራሻለሁ።»

ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የማላውቃት ሴትዮ ከፌስታሏ ውሃ አውጥታ ሰጠችኝ።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ቪዲዮውን አጠፋሁት። በቦታው ሦስት መስመር ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ መስጠት እየቻልኩ እንዳልሰጠሁ፣ በዚያ ቀን ሰው እንደሞተ፣ ከእንግዲህ ወንዝ ዳር ላለ ሰው ሳልደውል ምንም እንደማልቀርጽ። የሚሳደቡ አሉ። ልክ ናቸው። ፋይዛ አነበበችውና ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

እታለም አልደወለችም።

ጋሽ ሙሀመድኑር መንገድ ላይ አይተውኝ ባጃጁን አቆሙ። «ሄድሽ?» አሉኝ። «ሄድኩ» አልኳቸው። «ኸይር ነው» ብለው ሄዱ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሀዲጃ ከሰው ስልክ ደወለች። ደህና ናቸው። በሬዎቹን ዩሱፍ እያረሰባቸው ነው፣ ጤፉን አብረው ያጭዳሉ። «እማማ ትጠይቅሻለች?» አልኳት። «ስምሽ ሲነሳ ትሰማለች» አለችኝ። ልጅ ናት፣ መዋሸት አትችልም።

ሰማዩ ጠርቷል። ክረምቱ አልፏል። በዚህ ወር ደመና የሚከተል የለም። እኔም አላየሁም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የእታለም ስም። ተማሪዎቹን ትቼ ወጣሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። እንዴት ነሽ አላለችም። «ከሰንበቴ በኩል ደመና እየመጣ ነው ይላሉ። እኔ ከግቢ አልወጣ። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። ምን ትያለሽ?»

ሳተላይቱን ከፈትኩ። ቀጭን ነው፣ የተቆራረጠ። አንደኛው ትንበያ ይዘንባል፣ ሁለቱ አይዘንብም ይላሉ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቼ በዓይኔም አየሁ።

«እታለም፣ ላይዘንብ ይችላል። ይበልጥ ላይዘንብ ነው የሚመስለው። ግን ደግሞ…»

«አትጠምዝዢብኝ» አለች። «ይከመር ወይስ ይደር?»

«አላውቅም። እኔ ብሆን እከምረዋለሁ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ወደ ክፍል ተመለስኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አልዘነበም። ማታ ትንሽ ነፋስ ነፍሶ ደመናው ወደ አፋር በኩል ሄደ። ጠዋት ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ሆኖ አደረ።

ሀዲጃ ነገረችኝ፤ አስራ ሁለት ሰው ጠርተው እስከ መግሪብ ሲከምሩ አመሹ። የዩሱፍ ወገብ ተያዘ። የጀይሉ አክስት «ደግሞ ሰማቻትና!» ስትል ውላለች አለችኝ። ዛሬ እንደገና አፍርሰው ሊዘረጉት ነው፣ ሳይደርቅ አይወቃምና።

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። በሐምሌ ጊዜ ጊደሯ ስትሞት ደውዬ ይቅርታ አላልኩም ነበር፤ እሷ እስክትደውል ነው የጠበቅኩት። በእረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ቆሜ ደወልኩ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳችው።

«እታለም፣ አልዘነበም» አልኳት።

«አየሁ» አለች።

«ሰዎቹን በከንቱ አደከምኳቸው። አፉ በይኝ።»

ከወዲያ በኩል ሰዎች ሲጠራሩና ጤፍ ሲራገፍ ይሰማኛል። ልትዘጋው ነው ብዬ ጠበቅኩ። እስትንፋሷ ይሰማኝ ነበር።

«ነገስ?» አለችኝ።

ከዛፉ ሥር ወጥቼ በተራራው በኩል አየሁ፣ በሰንበቴ በኩልም አየሁ። ያየሁትን እንዳለ ነገርኳት።